የገብረ ጻድቅ ተሳፋሪዎች

ወልደአረጋይ የደብረ ብርሃን አምቡላንስ ኃላፊ ሆኖ ሲሾም የመኪናዋን ቁልፍ እጅ ነሥቶ ተቀበለ። አዲስ ላንድሮቨር ናት፤ ጩኸቷ ጫጫ ድረስ ይሰማል እየተባለ ይወራላት ነበር። በሽተኛ በቃሬዛ መሸከም ቀረ ተባለ።

የመጀመሪያውን ታማሚ፣ አንድ ገበሬ፣ ከአንኮበር ራሱ ነድቶ አመጣ። ገበሬው ሆስፒታል ገብቶ ስላረፈ አስከሬኑንም ራሱ መለሰ። ከዚያ ወዲያ ከአንኮበር የሚደውል ጠፋ።

«አየሩ ጤና ነው» አለ ወልደአረጋይ።

ስልክ ሳይደወል ግን መኪናዋ አንኮበር መመላለስ ጀመረች። ሾፌሩ ገብረ ጻድቅ «መንገዱን ልየው ብዬ ነው» ይላል። አንድ ቀን በመኪናዋ የታማሚ አልጋ ላይ የዶሮ ላባ ተገኘ፤ ሌላ ቀን የሽማግሌ ከዘራ።

ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፤ ይሄኛው የሚልሰው አምቡላንስ አገኘ። እናት በምጥ ተይዛ መኪናዋ ገበያ ብትውልስ? ወልደአረጋይ ይህን እያሰበ እንቅልፍ አጣ።

አንድ እሑድ በጭነት መኪና ተሳፍሮ አንኮበር ወጣ። ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ አምቡላንሷ እየጮኸች መጥታ መሐላቸው ቆመች። እማማ ወለተ ጊዮርጊስ የሚባሉ አሮጊት ዶሮ ታቅፈው ከኋላ ወረዱ።

«ይኸው፣ መጣሁላችሁ!» አሉ እየሳቁ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ወልደአረጋይ ደሙ ፈላ። «አንተ ዐይን አውጣ! እኚህ ሴትዮ ታማሚ ናቸው?»

«የለም ጌታዬ፣ ጤነኛ ስለሆኑ እኮ ነው የጫንኳቸው፤ ሕዝቡ...»

«ቁልፉን!»

ገብረ ጻድቅ ቆሞ የሚያየውን ሕዝብ አየት አደረገና ቁልፉን አስረከበ። በማግስቱ ከሥራ ተባረረ።

ሳምንት ሳይሞላ ከአንኮበር ተደወለ። ወለተሐና የምትባል ሴት ምጥ ጠንቶባታል።

«ያ ሌባ ቢኖር ኖሮ መኪናዋን ከየት አገኛት ነበር!» አለ ወልደአረጋይ፤ መሪውን ራሱ ጨብጦ በረረ።

ደጃፉ ላይ ወንዶች ተሰብስበዋል። ከጎጆው የወለተሐና ሲቃ ይሰማል። ሰዎቹ የሾፌሩን ወንበር ጎንበስ ብለው አዩና የጎጆውን በር ዘግተው ቆሙ።

«ምን ትጠብቃላችሁ? አሳፍሯት እንጂ! ልትሞትባችሁ ነው!»

የተነቃነቀ የለም። እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ከመሐል ወጡ።

«ልጄ፣ እኛ የደወልነው ጤነኛ ጤነኛውን ወስዶ በሕይወት እየመለሰ ፍርሃታችንን ላስጣለን ለገብረ ጻድቅ ነበር፤ አንተ የወሰድከው ሰውማ እንዴት ሆኖ እንደሚመለስ አይተናል።»