አፍ ያወጣው ቅጠል

ደብተራ ገብረ ክርስቶስ ከዳማከሴው ቅጠል ጀርባ ስስ ቆዳ በጥፍሩ ገፎ ውሃ ጠብ ባለበት መስታወት ላይ አነጠፈው። ከመደቡ ላይ ልጁ ሙሉነሽ ምች መቷት ታቃስታለች፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው።

“አባባ፣ መድኃኒቱ አልደረሰም?”

“መጣሁ የኔ እናት፣ አሁን መጣሁ።”

ትንሹን አጉልቶ የሚያሳየውን መነጽር የሰጠው ባለፈው ክረምት በቅጠሉ ከሆድ ቁርጠት የፈወሰው ፈረንጅ ነው። ከናስ የተሠራ፣ ሽቅብ የቆመ ቧንቧ ነገር ነው። የእንጦጦ ሰው “ደብተራው ደግሞ ምን ሊያይበት ነው?” እያለ ስቆበታል። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ቅጠል ሲመለከት ነው የሚውለው፤ ያየውን ለማንም አልተናገረም።

ጫፍ ላይ ገና ተጠቅልሎ ያለ ለጋ ቅጠል አፍ የለውም፤ ቆዳው እንደ ካብ ድንጋይ የተጋጠመ ነው። ጥቂት ቀን ሲያድግ ግን ከድንጋዮቹ አንዳንዱ ትንሽና ክብ ይሆናል፤ መሐል ለመሐል መስመር ይከፍለዋል፤ ሁለቱ ግማሾች ከንፈር ሆነው ይገጥማሉ። ቆይተው ይላቀቃሉ። ደግሞ አንዱ አፍ ሌላውን አይነካም፤ እንዳይንሾካሾኩ የተከለከሉ ይመስል ሁልጊዜ በመካከላቸው ድንጋይ አለ።

“የበሽተኛውን የክርስትና ስም የምትጠራበት ቅጠል ከጥቅሉ ያልተፈታ ይሁን” ይሉት ነበር መምህሩ መሪጌታ ዓለሙ። ለምን ብሎ ቢጠይቅ በጥፊ አሉት። ሃያ ዓመት ሙሉ ምክንያቱን ሳያውቅ ታዘዘ። አሁን ገባው፦ አፍ ያለው ቅጠል የሰማውን ስም መልሶ ይጠራል፤ የተጠራው ሰው አቤት ካለ ደግሞ አይተርፍም።

ዛሬ ማለዳ ጉሙ የራስን እጅ አያሳይም ነበር። ልጁ ስትቃዥ አድራ ልቡ ባክኖ ስለነበር ከጓሮው ተክል ቅጠሉን በዳበሳ ቆረጠና እዚያው አፉን አስጠግቶ የክርስትና ስሟን ሦስት ጊዜ ጠራበት። ሁለት ልጆች ቀብሯልና የዚህችኛዋን የክርስትና ስም የሚያውቁት እሱና ያጠመቋት ቄስ ብቻ ነበሩ፤ ቄሱም ሞተዋል። ለራሷ እንኳ አልነገራትም። ቅጠሉ የተዘረጋ መሆኑን ያየው ቤት ከገባ በኋላ ነው።

ዓይኑን መነጽሩ ላይ ደቀነ። ቅጠሉ አፍ በአፍ ሆኗል። ግን ሁሉም ገጥመዋል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገና አልተከፈቱም! እፎይ አለ።

ጉሙ ገለጥ ብሎ ፀሐይ በበሩ ገባች፤ ብርሃኗ መስታወቱ ላይ አረፈ። ምን ያህል እንደቆየ አያውቅም፣ ዓይኑን መንቀል አቃተው። አንዱ ከንፈር ከአንዱ ተላቀቀ። ከወዲያ ሌላው ተከተለ። ከዚያ ሁሉም።

ጓሮው ጭጭ ብሏል፤ የወፍ ድምፅ እንኳ የለም።

“አባባ” አለች ሙሉነሽ። ድምጿ ጥርት ብሏል። “ወለተ ጊዮርጊስ ማናት?”

የደበቀው ስሟ ነው፤ ከመነጽሩ ዘሎ ተነሣ።

“ከጓሮ እየጠሯት ነው። ብዙ ናቸው። ማንም አቤት አይላቸውም፣ ያሳዝናሉ። እኔ አቤት ልበላቸው?”

“ዝም በይ! የኔ እናት፣ በማርያም ዝም በይ!” ተወርውሮ አፏን በመዳፉ ከደነው።

አልታገለችውም። ጣራ ጣራውን ታያለች። ከመዳፉ ሥር ከንፈሮቿ ቀስ ብለው ሲላቀቁ ተሰማው።