የተቧደኑት አቶሞች

ኒኬል መዳብ ሲበዛበት ማግኔትነቱን ያጣል። እጩ ዶክተሩ ግን ለፈታኞቹ፣ «በዚህኛው ቅይጥ ውስጥ የኒኬል አቶሞች እንደ አገር ልጅ ተፈላልገው ተቧድነዋል! ማግኔትነቱ አልጠፋም!» ብሎ ቅይጡን በእጁ ይዞ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ኮምፓስ አስጠጋው።

መርፌው ዞረ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እስከዛሬ «አይሆንም» ሲሉት የከረሙት ፕሮፌሰር ምሕረተአብ እንኳ መነጽራቸውን ወልውለው አጨበጨቡ።

«አንድ ጊዜ ጉሮሮዬን ላርጥብ» አለ እጩውና ቅይጡን ከኮምፓሱ ራቅ አድርጎ አስቀመጠው። ውሃውን ለማንሳት ባዶ እጁን በኮምፓሱ ላይ ሲያሳልፍ መርፌው እጁን ተከትሎ ዞረ። ፈታኞቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

ከኋላ ወንበር እናቱ ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው በኩራት፣ «እትዬ ትርንጎ፣ ከሰው ዓይን እንዲጠብቅልኝ ብዬ በኮቱ እጅጌ ገበር ውስጥ ወፍራም ሚስማር ሰፍቼለት ነው የመጣው፤ ይኸው ጠበቀልኝ!» አሉ።