የሙቀት ምሳሌ

መምህር ደምሰው ምሳ ያመጡላቸውን ሴት፣ «እህቴ፣ የወላጆች መግቢያ በዚያ በኩል ነው» ሲሏቸው፣ ለማስተማር ልምምድ የመጣችው እጹብ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሴትየዋ ግን አልሳቁም።

«ሚስቱ ነኝ» አሏት የምሳ ዕቃውን እየከፈቱ። «ከትዝታችን የቀረውን ሠርጋችንን አምና ለዘጠነኛ ክፍል ሰጠብኝ። አንቺ እንኳ ትንሽ ትንሿን ምረጪ፣ የኔ ልጅ።»

ዘመኑ እንዲህ ነበር፤ አስተማሪ ለምሳሌ ያነሳው የራሱ ትዝታ በተማሪዎቹ ልብ ውስጥ ይገባል፣ ከእሱ ግን ለዘለዓለም ይጠፋል። ያለዚያ ትምህርት አይገባም።

ከሰዓት በኋላ እጹብ ስለ ሙቀት አስተማረች። የአንድ የሻይ ብርጭቆ ትዝታ ሰጠቻቸው፤ የዶርሟን ብርድ ልብስ ትዝታም ሰጠቻቸው። አንዱም ልባቸው አልገባም። ከኋላ የተቀመጠው ገምጋሚ ሰዓቱን ያያል። እሱ ካላሳለፋት አትመረቅም።

«ቲቸር፣ አልገባንም» አለች ከፊት የተቀመጠች ልጅ።

«ሰስተውብን ነው» አለ አንዱ፤ ክፍሉ ሳቀ።

እጹብ ከሟች እናቷ የቀራት አንድ ትዝታ ብቻ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።

«ደብረ ብርሃን ነው፤ ውርጭ የጣለበት ጠዋት። እናቴ ጣቶቼን በመዳፏ ይዛ እፍ ትልልኛለች። የኔ እጅ እየሞቀ ሲሄድ የእሷ ቀዘቀዘ።»

ገባቸው።

ሲወጡ ያቺ ልጅ ዓይኗን እየጠረገች፣ «እናትዎ ደግ ነበሩ» አለቻት።

«ታውቂያት ነበር እንዴ?» አለች እጹብ።

ገምጋሚው «በጣም ጥሩ» ብሎ ፈረመላት፤ በማግስቱ አሥረኛ ክፍልን ጨመሩላት።