አንድ ጥማድ ስንት ባርን ነው?

ሐኪሙ «ማስታወሳቸው እየደከመ ነው፤ በየቀኑ የሚያውቁትን ጠይቂያቸው» ብሏታል። አባቷ አርባ ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩ ናቸው፤ እሷ መሬት ቀያሽ ናት። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ቁርስ እያጎረሰቻቸው የእሷን መሬት ወደ እሳቸው ባርን፣ የአቶም አስኳል ስፋት ወደሚለካበት ኢምንት ልክ፣ ታስቀይራቸዋለች።

«እሺ አባባ፣ አንድ ጥማድ፣ ሩብ ሄክታር ማለት ነው፣ ስንት ባርን ይወጣዋል?»

«ይሄማ የሕፃን ጥያቄ ነው» አሉ ቂንጬውን እያላመጡ። «ሃያ አምስት ጻፊና ሠላሳ ዜሮ ደርድሪበት።»

በስልኳ አሰላችው። አንድም ዜሮ አልጎደለም።

«ትንሽ እንኳ አይሳሳቱም?»

«መሳሳት የቀያሽ ነው። እናንተ አንድ ሜትር ስታችሁ ሁለት ጎረቤት ዕድሜ ልኩን ሲካሰስ ይኖራል።»

ከት ብላ ሳቀች። እንዲህ ከቀለዱ ወራት አልፏቸዋል። ለወንድሟ «አባባ ተሽሏቸዋል» ብላ መጻፍ ስትጀምር ጉልበቷን መታ መታ አደረጓት።

«ጨዋታሽ ደስ ይላል» አሏት። «የእኔም ልጅ ቀያሽ ናት። ዛሬ ከመጣች አስተዋውቃችኋለሁ።»