የሠርኬ መስመር

ሶማሌ ተራ ውስጥ የጨርቅ ነጋዴው አገኘሁና ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ሠርኬ በአንድ የመብራት ቆጣሪ ነበር የሚጠቀሙት። ሙቀቱ ሲብስ አገኘሁ ኤሲ አስገጠመ። ቆጣሪው ለሁለቱ አልበቃ ሲል የእሷን መስመር ቆረጠው።

ሠርኬ በመሐላቸው ያለውን የቆርቆሮ ግድግዳ በመቀሷ ሦስት ጊዜ መታች።

«ጋሼ፣ የስኳሬ መድኃኒት እኮ ፍሪጅ ውስጥ ነው! ይበላሽብኛል።»

«እና እኔ ልቅለጥልሽ?» አላት። ደንበኞቹ ሳቁ።

ወር ሳይሞላ ተቀበረች። ሱቋም እንደተቆለፈ ቀረ።

ዛሬ በጠራራ ፀሐይ የተራው መብራት ጠፋ። ነጋዴው ሁሉ እያማረረ ደጅ ወጣ። የአገኘሁ ኤሲ ግን አልቆመም። «የኔስ ጉድ ነው!» ብሎ ሳቀና ቅዝቃዜው እንዳያመልጠው የብረት በሩን ዘጋ።

ትንሽ ቆይቶ ጣቶቹ ደነዘዙ። በሪሞቱ ሊያጠፋው ሞከረ፤ አልጠፋም። ሶኬቱን ነቀለው። ኤሲው የተነቀለው ገመድ እጁ ላይ እያለ ይብስ በረታ። ወደ በሩ ሮጠ፤ እጀታው በረዶ ጋግሮ አልንቀሳቀስ አለው። ውጭ ሰዎች «ኧረ ሙቀቱ!» ይላሉ። ሊጣራ አፉን ሲከፍት በድምፁ ፈንታ የትንፋሹ ጉም ብቻ ወጣ።

ከዚያ ከተቆለፈው ሱቅ በኩል ቆርቆሮው ሦስት ጊዜ ተመታ።

«ጋሼ፣ ቀዘቀዘልዎት?»