ዘጠነኛው መስመር

ጋሽ እርጋታ ዘጠነኛው መስመር ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ቀሩ።

«በስተቀኝ ከላይ አረንጓዴ መብራት እስኪበራ ይጠብቁ» ይላል መመሪያው። ጠበቁ። የስክሪኑን ቀኝ ጥግ አዩ፤ መነጽራቸውን ወልውለው ደግመው አዩ። ከኋላቸው የተቀመጠችው ፕሮግራመር ክው ብላ ቀርታለች። ፕሮግራሙን የሠራችው እሷ ናት፤ እንዲህ የሚባል መብራት የለውም።

መናገር ደግሞ አትችልም። የአውቶቡስ ድርጅቱ ኃላፊ ጠዋት ነገሩን ቁርጥ አድርጋ ነግራታለች። ፕሮግራሙን አይቶት የማያውቅ ሰው መመሪያውን ብቻ ይዞ፣ ከጠፋ ኮምፒውተር ተነስቶ ለአንድ ተሳፋሪ ወንበር ከያዘ፣ ፕሮግራመሯ ፈቃድ ትወጣለች። አንድ ቃል ከተነፈሰች ፈቃዱ ቀረ።

እናቷ ማክሰኞ የልብ ቀዶ ሕክምና አለባት፤ ያለችውም የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ነው። ባለፈው ዓመት አባቷ ሲቀበር ፕሮግራሙ ቆሞ፣ ለቀስተኛው መሐል በስልክ «አጥፋና አብራው፤ ኧረ እሱን አይደለም፣ የታችኛውን!» ስትል ነበር። ከእሷ በቀር የሚያስነሳው ሰው አልነበረም። አጎቶቿ ያን ቀን ያዩዋትን አስተያየት እስካሁን አልረሳችውም።

የመጀመሪያ መመሪያዋ እጅና እግር አልነበረውም። «ይሄ ለራስሽ የጻፍሽው ማስታወሻ ነው» ብላ ኃላፊዋ መለሰችላት። ሁለተኛውም ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው ሌሎች ፕሮግራመሮች የጻፏቸውን ጥሩ ጥሩ መመሪያዎች ስታስስ፣ ስታትምና ስታሰምር ሁለት ሳምንት የከረመችው። አሥራ አንድ ሰበሰበች። በምን እንደሚጀምሩ፣ ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚያሳጥሩ፣ ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ አንባቢው ምን ማየት እንዳለበት እንዴት እንደሚነግሩ አጠናች። በመጨረሻ አንድ የማታውቀው ሰው ለመጋዘን ፕሮግራም የጻፈውን ከሁሉ አብልጣ ወደደችው፤ ገለበጠችውና የሰውየውን እየሰረዘች የራሷን እያስገባች ጻፈች። መብራቱ የሰውየው ነው። ሳትሰርዘው አልፋዋለች።

ጋሽ እርጋታ አሥረኛውን መስመር አነበቡ። «ካልበራ ሁሉንም አጥፍተው ከአንድ ይጀምሩ።»

«እሺ» አሉና አጥፍተው ከአንድ ጀመሩ።

ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። እርጋታ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ እሳቸው ፋይል እስኪያወጡ ጠያቂው ምሳውን በልቶ ይመለሳል ይባላል። ኃላፊዋም የመረጠቻቸው ለዚሁ ነው። ፈጣን ሰው የጎደለውን ከራሱ ሞልቶ ያልፋል፤ እሳቸው የተጻፈውን ብቻ ያደርጋሉ። ኮምፒውተሩም አንድ ሐሙስ የቀረው ስለሆነ እስኪነሳ ስምንት ደቂቃ ፈጀ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ቸኮል ቢሉ» አለች ኃላፊዋ የግድግዳውን ሰዓት እያየች። «አምስት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለብኝ።»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አሉ፣ ዞር እንኳ ሳይሉ።

ዘጠኝ ደረሱ። ጠበቁ። አሥርን አነበቡና እንደገና አጠፉት።

ፕሮግራመሯ ስንተኛ ዙር እንደሆነ በጣቷ ቆጠረች። እኚህ ሰው በዚህ ትዕግሥታቸው ጡረታ እስኪወጡ ሲያጠፉና ሲያበሩ ሊኖሩ ይችላሉ። በእሳቸው አልተናደደችም። ያፈረችው በራሷ ነው፤ የፈራችው ደግሞ ለማክሰኞ።

ለሦስተኛ ጊዜ ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ከወረቀቱ አነሱ። ገጾቹን ወደ ኋላ መለሱና ከመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ጮክ ብለው አነበቡ። «ይህ ፕሮግራም ለተሳፋሪ ወንበር ይይዛል። ወንበር ከያዘ ሠርቷል።»

አሥራ አንዱም መመሪያዎች የሚጀምሩት ነገሩ ለምን እንደተሠራ በመናገር ነበር። እሷ ይህን ያህል ግልጽ ነገር ማን ያነበዋል ብላ፣ ሌላውን ጽፋ ከጨረሰች በኋላ ለወጉ ያህል አናቱ ላይ የጨመረችው ነው።

«አትመልሺልኝ ልጄ፣ ከራሴ ጋር ነው የማወራው» አሉ ጋሽ እርጋታ። «ሥራው ወንበር መያዝ ከሆነ፣ መብራቱ ቢበራ ባይበራ እኔ ምን አገባኝ?»

መብራቱን ዘለው፣ ቀጥሎ እንደተጻፈው የተሳፋሪ ስም በሁለት ጣት፣ ፊደል በፊደል ለቀሙ። አንዷን ቁልፍ ተጫኑ። ከጎን ያለው ማተሚያ አጉረመረመና አንዲት ትኬት ተፋ።

ኃላፊዋ ብድግ አለች። «ሠራ?»

«ወንበር ይዟል። ወንበር ከያዘ ሠርቷል፤ ይኸው ተጽፏል።»

ኃላፊዋ ትኬቷን አገላብጣ አየችና ወደ ፕሮግራመሯ ዞረች። «በይ ሂጂ። እናትሽን እግዜር ይማርልሽ።» ወደ ስብሰባዋም ወጣች።

ፕሮግራመሯ መጀመሪያ ያደረገችው እስክሪብቶ ማንሳት ነው። «ይስጡኝ ጋሼ፣ እሱን መስመር ላስተካክለው።»

«ቆይ።»

ከኪሳቸው ትንሽ ማስመሪያ አወጡ። ዘጠነኛውንና አሥረኛውን መስመር ቀጥ አድርገው ሰረዙና ከላያቸው በዚያ በተስተካከለ የመዝገብ ቤት ጽሕፈታቸው «መብራት የለም። አይጠብቁ። ወንበር ይያዙ።» ብለው ጻፉ። እርማት በፊርማ ነውና፣ ኅዳጉ ላይ ቀኑን ጽፈው ፈረሙበት።

የእሷ መመሪያ ላይ የሌላ ሰው ፊርማ ስታይ ቅር አላት። ደስም አላት፤ የትኛው እንደሚበልጥ ግን አላወቀችም። ቦርሳዋን አነገተች።

«ደህና ይዋሉ ጋሼ።»

ጋሽ እርጋታ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ ግራ እጃቸውን ብቻ አወዛወዙላት። ጣታቸው አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ነው። ምናልባት የሚጠይቋት ቢኖር ብላ በሩን ይዛ ትንሽ ቆመች።

እሳቸው ገጽ ገለጡ።