የፍልሰታ ቅቤ

ወይዘሮ አቻምየለሽ ከማለዳ ጀምሮ የቅቤ ሽታ እየጠበቁ ነው። ያውም በፍልሰታ! ሰው ቢሰማ ምን ይላል? ግን እየጠበቁ ነው። ከኪዳን ጸሎት ተመልሰው፣ ነጠላቸውን እንኳ ሳያጥፉ፣ በረንዳው ላይ ዱካ ስበው ተቀምጠዋል። አፍንጫቸው ወደ ተከራያቸው በር ነው። የሚመጣው ግን የአቃቂ ዝናብና የእርጥብ አፈር ሽታ ብቻ ሆነ።

ተከራያቸው ሱሽማ ህንዳዊት ናት። ባሏ እዚያው አቃቂ ክር ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ባለሙያ ነው፤ ሰርቪስ ቤቱን ከተከራዩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ዛሬ የአምላኳ የክሪሽና ልደት ነው። እሷ የምታከብረው እንደ ሕጻን አድርጋ ነው፤ የአውራ ጣት ቁመት ያለውን የነሐስ ሕጻን በትንሽ የእንጨት አልጋ አስተኝታ፣ በጣቷ ታወዛውዘዋለች። ቅቤ ነፍሱ ነው ትላለች፤ በልጅነቱ ከማጀት እየሰረቀ ይበላ ነበር አሉ።

በዓሉ በጨረቃ ስለሚቆጠር ፍልሰታ ላይ የሚውለው አልፎ አልፎ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ሲገጥም ሱሽማ በጠዋት ቅቤ አነጠረች፣ ድንብላል ቆላችበት፣ ግቢው ሽታ በሽታ ሆነ። ወይዘሮ አቻምየለሽ ያኔ ረሃቡ አናታቸው ላይ ወጥቶ ነበርና፣ "ፍልሰታን በቅቤ! ይኼ ቀርቶን ነበር!" ብለው መስኮታቸውን ጓ አድርገው ዘጉት።

ሱሽማ ምንም አልመለሰችም። የከፋው እሱ ነው። ብትመልስላቸው ተነታርከው በታረቁ ነበር። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ያ የመስኮት ድምፅ ሦስት ዓመት ሙሉ ከጆሯቸው አልወጣም። ዘንድሮ ሽታው ሲመጣ ጮክ ብለው "እንኳን አደረሰሽ" ሊሉ ለራሳቸው ቃል ገብተዋል። ሽታው ግን ቀረ።

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሱሽማ ቢጫ ሳሪዋን ለብሳ፣ አፉ በጨርቅ የታሰረ ድስት ደረቷ ላይ አቅፋ፣ በግድግዳው ጥግ ጥጉን ወደ ውጭ ልትወጣ ነው።

"ሱሽዬ! በዚህ ዝናብ ድስት ይዘሽ ወዴት?"

ሱሽማ ክው አለች። "ኡምሰልማ ቤት፣ እማማ። አሁን መጣሁ።" ኡምሰልማ ከመንገዱ ማዶ ያለችው የወሎዋ ጨርቅ ነጋዴ ናት።

"ምንድን ነው የያዝሽው?"

"ቅቤ ነው። አልነጠረም፤ አይሸትም" አለች ቶሎ ብላ። "ለእሷ ልስጣት ብዬ ነው። እሷ ፍልሰታን አትጾምም።"

"ሕጻኑስ?"

"ለሕጻኑ ሙዝ ገዝቻለሁ።"

"ሙዝ?"

"ሙዝም ይወዳል" አለች ሱሽማ። ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ውስጥ ቂም የሚባል ነገር የለም። ወይዘሮ አቻምየለሽን አንጀታቸውን በላቻቸው።

"ያኔ መስኮቱን ስዘጋ ሰምተሽኛል አይደል?"

ሱሽማ አቀረቀረች። "ጥፋቱ የኔ ነበር። ጾም መሆኑን አላወቅኩም። እርስዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድዎን እየዋሉ፣ እኔ ቅቤ አነጠርኩብዎ።"

"አንቺስ ዛሬ ቁርስ በልተሻል?"

"ዛሬ? አይ። ውኃም አልቀመስኩም። እሱ የሚወለደው እኩለ ሌሊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው የምንበላው።"

"እኩለ ሌሊት!" ወይዘሮ አቻምየለሽ ሰዓቱን በጣታቸው መቁጠር ጀምረው ተዉት። "ታዲያ በዚህ ግቢ ዋናዋ ጾመኛ አንቺ ነሻ! አንቺ በባዶ ሆድሽ አንጥረሽ የማትቀምሽውን፣ እኔ ከሩቅ አሽትቼ ልፈተን? ተመለሽ ልጄ።"

"ጎረቤቱ ሁሉ ይጾማል፣ እማማ። ሰው ምን ይላል?"

"ጎረቤቱን ለኔ ተይው። ሽታ ጾም አይፈታም። ሕጻን ልጅ በልደቱ ቀን ቅቤ ተከልክሎ ቢያድር ግን ኀጢአቱ በኔ ነው። በይ፣ እዚያው ቁሚ!"

ገብተው ሲመለሱ በእጃቸው አንድ ጣሳ ድንብላል ይዘዋል። ለበርበሬያቸው ያዘጋጁት ነው፤ ጠጠሩን አንድ በአንድ ለቅመውታል። "እንቺ፤ አዲስ ነው። ደግሞ አንዲት ፍሬ አልቀመስኩም፤ ከሕጻኑ በፊት ማንም እንደማይቀምስ አውቃለሁ።"

ሱሽማ ድስቱን መሬት አስቀመጠች፤ ጣሳውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጎንበስ ብላ፣ በአገሯ ደንብ፣ እግራቸውን ነካች።

"ኧረ ተነሺ! ሳሪሽ በጭቃ ተበላሸ!" አሉ ወይዘሮ አቻምየለሽ። ደስ ግን ብሏቸዋል። "እንኳን አደረሰሽ" አሉ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያዘጋጁት ነበር፣ ወጣላቸው።

ጥቂት ቆይቶ ከሰርቪስ ቤቱ ቅቤው ቸስ ሲል ተሰማ። ቀጥሎ ድንብላሉ። ሽታው ዝናቡን ሰንጥቆ በረንዳው ላይ ደረሰ። ወይዘሮ አቻምየለሽ ምራቃቸውን ዋጡ። "እመቤቴ፣ አንቺው ታውቂያለሽ" አሉና ብቻቸውን ሳቁ። ዘጠኝ ሰዓት ገና ሩቅ ነው።

ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። ነፍሳቸውን ይማርና የባቡር ሠራተኛ የነበሩት ባለቤታቸው የገጠሙት የእንጨት መስኮት ክረምት በገባ ቁጥር አብጦ እምቢ ይላል። በትከሻቸው ገፉት፤ አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው ወለል ብሎ ተከፈተ።